የተደነቀው ሳጥን

ሙንተሲር የአማቱን ሳጥን ያደነቀው አውቆ ነው። ይህን ከወዲሁ ተናግሮ መገላገል ይሻላል፤ እሱ ራሱ በኋላ ላይ ለሚስቱም ለጓደኛውም «እንዲያው ከአፌ አመለጠኝ» እያለ ነገሩን ለማድበስበስ ብዙ ደክሟልና።

አሰላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይጠግናል። ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ መመስገንን ደግሞ ከሥራውም አብልጦ ይወዳል። በቅርቡ የያዘው አባዜ ዳክ የሚሉት ዕቃ ነበር። ኮምፒውተር ውስጥ መንዙማም ይሁን ዘፈን በቁጥር ተለውጦ ነው የሚቀመጠው፤ ዳክ ያንን ቁጥር ይቀበልና ስፒከር ሊያወጣው ወደሚችል ድምፅ ይመልሰዋል። ኮምፒውተሩም ስልኩም በሆዳቸው የየራሳቸው አላቸው፤ ሙንተሲር ግን «እነሱ ድምፁን ያደፈርሱታል፤ የጠራ የፈለገ በእጁ ይሥራ» ባይ ነው። ውስጡን ከአዲስ አበባ አስመጣ፣ የቀረውን ከተበላሹ ቴፖች ፈታታ፣ ከዚያ ወዲያ በዕረፍት ቀኑ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ መዋል ሆነ። የልጅነት ጓደኛው ወልደአማኑኤል ዕቃውን «ዳክዬህ» ይለዋል። በር ላይ ቆሞ «ዳክዬህ ዛሬስ እንዴት አደረች?» ሳይል አይገባም።

ዳክዬዋ ደህና አላደረችም። ድምፁ ሲከፈት ከሥሩ የማያቋርጥ እዝዝታ ይከተላል፤ ስልክ ሲደወል ደግሞ ጭራሽ ትንጫጫለች። ሙንተሲር ጥፋቱ የማቀፊያው እንደሆነ ያውቃል። የገጠማት በጣውላ ነው፤ ጣውላ ደግሞ ከመብራት ሽቦና ከስልክ የሚመጣውን ረብሻ አያግድም። የብረት ሳጥን ያስፈልጋት ነበር። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሞከረ፤ ስስ ስለሆነ ብሎን ሲጠብቅበት ይጨማደዳል። ገበያውን ዞረ፣ ያገኘው ሁሉ ወይ የተበሳሳ ወይ የዛገ ነው። ልቡ ውስጥ ግን አንድ ሳጥን ነበረች። ካያት ቆይቷል። አማቱ ቤት፣ ቡፌው ላይ፣ ወፈር ያለች የአሉሚኒየም ሳጥን።

የሚስቱ እናት ወይዘሮ ሀጂራ ይባላሉ። መካ ሄደው ከተመለሱ ወዲህ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሀጂያ ነው የሚላቸው። ከተማው ውስጥ የአማችና የአማት ወግ የላላበት ቤት ብዙ ነው፤ ሀጂያ ቤት ግን ምንም አልላላም። አማች አማቱን ፊት ለፊት አያይም፣ ከእሳቸው ጋር አይበላም፣ በቀጥታም አይነጋገርም። ሙንተሲር ሲመጣ ሳሎን ይቀመጣል፣ ሀጂያ ከጓዳው በር መጋረጃ ወዲያ ይቀመጣሉ፣ ሚስቱ ፈይሩዛ ወይም ወንድሟ ከዲሮ መሐል ሆነው ቃል ያቀብላሉ። መጋረጃው ስስ ነው፤ ሁለቱም ሁሉንም ይሰማሉ። ይሁንና ቃሉ በመሐለኛው አፍ ተደግሞ እስካልደረሰ ድረስ አልተሰማም ነው የሚባለው። እንግዳ ሰው ቢያይ ይስቅ ይሆናል። እነሱ ግን በዚህ መንገድ ከብዙዎች የተሻለ ተግባብተው ኖረዋል።

ሌላም ነገር አለ። አማች በዚያ ቤት ያደነቀው ነገር እዚያ ቤት አያድርም። አንድ ጊዜ ማራቸውን አድንቆ በማግስቱ አንድ ባልዲ ማር ደጁ ደርሷል። ሌላ ጊዜ የከዲሮን በቅሎ ሊያደንቅ አፉን ሲከፍት ፈይሩዛ በክርኗ ጎሽማ ዝም አሰኝታዋለች። ስለዚህ «አላወቅሁም» ብሎ ነገር አይሠራም።

የዚያን እሁድ ፈይሩዛ ወጥ ቤት ነበረች። ሳሎን ውስጥ ሙንተሲርና ከዲሮ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ባጃጅ ወረፋ ሲያወሩ ቆዩ። የሙንተሲር ዓይን ግን ቡፌው ላይ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ የመቁጠሪያው ጠጠር ቀስ እያለ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሀጂያ አሉ ማለት ነው። ሙንተሲር ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገ፤ ትንሽ ብቻ።

«ማሻአላህ፣ ይህች ሳጥን እንዴት ያለች ናት! እንዲህ ያለ ዕቃ ዛሬ የት ይገኛል?»

የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ሙንተሲርም ወሬውን ወደ ገብሱ መለሰው።

ፈይሩዛ ሲሬ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ሰኞ ማለዳ ሄዳ ዓርብ ትመለሳለች። እሷ በሄደች በማግስቱ ከዲሮ በባጃጅ መጣ። ሳጥኗ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልላ እቅፉ ውስጥ ነበረች። አልገባም፤ እደጁ ላይ አስረከበ።

«እናቴ ‹ለሥራው ይሁነው› ብላለች» አለና ሄደ።

ሙንተሲር «ኧረ ለምን ተቸገራችሁ» ማለቱ አልቀረም። እንደ ወጉ አለ። በሩን ዘግቶ ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጣት ግን እንደ ልጅ ነበር የሚያደርገው። ታጥባ ተወልውላለች። ክዳኗ ልክክ ብሎ ይገጥማል። ውስጧ ባዶ ነው፤ ደስ የሚል፣ ቀዝቀዝ ያለ ሽታ ብቻ ቀርቶባታል። ሽቶ መሰለው።

ትራፓኖውን አነሣ። ቁጥሩ ከኮምፒውተሩ የሚገባበትን ቦታ ከኋላዋ በኩል ምልክት አደረገና በሳ። አሉሚኒየሙ በትራፓኖው ሲሞቅ ያ ሽታ ከሳጥኗ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ሙንተሲር መስኮት ከፈተና ሥራውን ቀጠለ። ከመብራቱ ሽቦ መግቢያ፣ ወደ ስፒከር ከሚወጡት ቀዳዳዎች ሁሉ ይልቅ ይህቺ የመጀመሪያዋ ታሳስባለች። ሶኬቷ ከሳጥኑ ብረት ጋር በቀጥታ ከተነካካች የኮምፒውተሩ ረብሻ ተከትሎ ይገባል። ስለዚህ በግራና በቀኝ ሮንዴላ የሚሉትን የፕላስቲክ ቀለበት አደረገባት። ከእሷ ወደ ውስጥ የሚሄደውን ሽቦ አሳጠረ፣ ላዩን የሸፈነውን የቀጫጭን ሽቦ ጥልፍ ገፎ ጠመዘዘው፣ መሐለኛውን ከመሐለኛው፣ ጥልፉን ከጥልፉ ጋር በየደ። ሥራው ቆንጆ ነበር፤ ይህን ማንም አይነሣውም። በማግስቱ ክዳኑን ገጥሞ ድምፁን ሲከፍት ያ እዝዝታ የለም። በዘፈኑ መሐል ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል።

ወልደአማኑኤል ተጠርቶ መጣ። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና «እሷስ ዳክዬ መሆኗ ቀረ» አለ። ሳጥኗን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ሲል ጠየቀ።

«ከአማቴ ነው። እንዲያው ከአፌ አመለጠኝና ላኩልኝ።»

ዓርብ ከሰዓት ፈይሩዛ ከሲሬ ገባች። ሙንተሲር ሊያሰማት ቸኩሎ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጠረጴዛው ፊት አቆማት። ድምፁን ከፈተ። እሷ ግን አልሰማችም። ሳጥኗን ነበር የምታየው። ጎንበስ ብላ ክዳኑ አጠገብ አሸተተች።

«ይህ የእናቴ ሳጥን ነው።»

«አዎ፣ ላኩልኝ። ያን ዕለት እንዲያው…»

«ውስጡ ምን እንደነበር ታውቃለህ?»

«ባዶ ነበር።»

«ባዶ የሆነው አንተ ስታደንቀው ነው» አለች ፈይሩዛ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ከፈኗ ነው የነበረበት። ከመካ ያመጣችው። በዘምዘም ውሃ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ካፉር ነስንሳበት ያስቀመጠችው። ስሞት ፈልጋችሁ እንዳትቸገሩ ብላ እኔንና ከዲሮን አስቀምጣ አሳይታናለች።»

ሙንተሲር እጁ ወደ ማጥፊያው ሄደ። ዘፈኑ ጸጥ አለ። ያ ሽቶ የመሰለው፣ መስኮት ከፍቶ ያስወጣው ሽታ የሬሳ ካፉር ነበር። ፊቱ ጆሮው ድረስ ጋለ።

«አሁን የት አደረጉት? ከፈኑን?» አለ።

ፈይሩዛ ስልኳን አውጥታ ከዲሮ ጋ ደወለች። በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋገሩና ዘጋች። ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ ከተቀመጠች በኋላ ነው የተናገረችው።

«በፌስታል» አለች።

ሙንተሲር አፈረ። በሰው ፊት የሚመጣውን ዕፍረት ያውቀዋል፤ ሰውየው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ይኼኛው ግን አብሮት ቁጭ ብሎ ዋለ። ምግብ ቀርቦ ፌስታሏ ትታየዋለች፤ ቢሮ ቁጭ ብሎ ትታየዋለች። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ሽንኩርት የሚቋጠርባት። መካ ደርሶ በዘምዘም የታጠበው ጨርቅ እሷ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠው እሱ ዘፋኝ ትንፋሽ ሲስብ ይሰማ ብሎ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያቺ የመቁጠሪያው ድምፅ ቆማ የቀጠለችባት ቅጽበት አልለቀው አለች። ያኔ ሀጂያ እያሰቡ ነበር። አስበው፣ ለአማች እምቢ አይባልም ብለው ጨረሱ። ለዚያ ያህል ብቻ ነው ያቆሙት።

«መልስላቸዋ!» አለ ወልደአማኑኤል ነገሩን ሲሰማ። «ምን ችግር አለው? ፈታተህ፣ ወልውለህ፣ ይቅርታ ብለህ ትመልሳለህ።»

ፈይሩዛ ግን ይህን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። «ከአማት የመጣ ነገር ተመልሶ አይሄድም። ብትመልሰው ስጦታሽ አልረባኝም ማለትህ ነው። ደግሞም ምኑን ነው የምትመልሰው? ኋላው ወንፊት ሆኗል።»

«እንግዲያው አዲስ ሳጥን ልግዛላቸው። ከእሷ የምትበልጥ።»

«ለከፈኗ ሳጥን ገዝተህ ልትወስድላት?» ፈይሩዛ አፍጥጣ አየችው። «አማች ለአማቱ! ‹ቶሎ ሙቺልኝ› በላትና እረፍ።»

በዚህም በዚያም ተዘጋበት። ቢመልስ ስድብ ነው፣ ቢገዛ ሟርት ነው፣ ዝም ቢል ፌስታሏ አለች። ቀጣዩ እሁድ መጣ፤ ራሴን አሞኛል ብሎ አማቱ ቤት ሳይሄድ ቀረ። ሀጂያ ማር ላኩለት፤ ለራስ ምታቱ። ማሩን ሊቀምሰው አልቻለም።

ያን ቀን ማታ፣ እራት ላይ፣ ፈይሩዛ ድንገት ጠየቀችው። «ስታደንቀው እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ እንደነበረች ታውቅ ነበር?»

«ኧረ በአላህ! እንዲያው ከአፌ አመለጠኝ አልኩሽ እኮ።»

በአላህ ስም ዋሸ። ፈይሩዛ ረጅም ጊዜ አየችውና «እሺ» ብላ ሰሃኑን አነሣች። ያቺ እሺ ከስድብ ባሰችበት።

መውጫው የታየው ሌላ ነገር ሲያስብ ነው። ከዲሮ ለእናቱ ፍላት ቲቪ ከገዛ ዓመት አልፎታል። ሀጂያ በእሷ ከመካ የሚተላለፈውን ሰላትና ቁርኣን ይከታተላሉ፤ ዓይናቸው ደህና ቢሆንም ጆሯቸው ደክሟል። ቲቪዋ ደግሞ ድምፅዋ ከጀርባዋ ነው የሚወጣው፣ ሲሲ ይላል እንጂ አይሰማም። የሟች ባላቸው ትልልቅ ስፒከሮች ከነአምፕሊፋየራቸው ሳሎኑ ጥግ ቆመዋል፤ ነገር ግን ቲቪዋ ለእነሱ የሚሆን መውጫ የላትም። ያላት ከኋላዋ ቀይ ብርሃን የሚታይባት ትንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ብቻ ናት። ድምፁ ቁጥር ሆኖ በብርሃን የሚወጣው በእሷ ነው። ይህን ሁሉ ሙንተሲር ያውቃል፤ ምክንያቱም ሀጂያ በልጃቸው በኩል ልከው አስጠይቀውት «ኢንሻአላህ አየዋለሁ» ብሎ ረስቶት ነበር። ዳክ የሚያስፈልገው እዚያ ነበር። እሱ ግን ለራሱ ሠራ።

«ሳጥኗ እንደ ሳጥን አትመለስም» አለ ለፈይሩዛ። «ሥራ ሆና ትሂድ። ቲቪው ላይ ልግጠምላቸው።»

ፈይሩዛ አሰበችበትና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። «ይሄ ያስኬዳል። ያው መቀበያ ይበቃታል?»

«አይበቃትም። የእሳቸው ቲቪ በብርሃን ነው የሚልከው። ሌላ መቀበያ ያስፈልጋል።» በጣቱ የሳጥኗን ኋላ ዳሰሰ። «ሌላ ቀዳዳ መብሳት አለብኝ።»

«ብስሚላህ ብለህ ብሳ» አለች ፈይሩዛ።

ፊተኛውን ሲበሳ ብስሚላህ ማለቱ ትዝ አላለውም። አሁን ግን ትራፓኖውን ይዞ ብዙ ቆመ። ሳጥኗን ፈታታ፣ የውስጡን ዕቃ በጨርቅ ሸፈነ፣ ብስሚላህ አለና በሳ። ሽታው እንደገና መጣ፤ ይህን ጊዜ መስኮት አልከፈተም። የብርሃኑ መቀበያ ክብ ቀዳዳ አይበቃውም፤ አራት ማዕዘን ይፈልጋል። ክቡን በሞረድ አራት ማዕዘን እስኪሆን ድረስ መሞረድ ነበረበት፤ በእጅ፣ ቀስ እያሉ፣ እየለኩ። የአሉሚኒየሙ ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ሲወርድ በመዳፉ ሰብስቦ ወረቀት ላይ አደረገው። ምን እንደሚያደርገው አያውቅም፤ ከመጥረጊያ ጋር ወደ ቆሻሻ መጣሉ ግን አስጠላው። ከመቀበያው ወደ ውስጥ የሚሄዱትን ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች በየደ፣ ከፊተኛው ጋር እንዳይጋጩ በማቀያየሪያ ለያቸው፣ ክዳኑን ገጠመ። የራሱን ዘፈን አልሞከረባትም።

እሁድ ሳጥኗን እቅፉ ውስጥ ይዞ፣ ያችኑ ነጠላ አልብሷት፣ ከፈይሩዛ ጋር ሄደ። ሀጂያ ከመጋረጃው ወዲያ ገብተው ነበር። ሙንተሲር ዓይኑን ወለሉ ላይ አድርጎ ወደ ቲቪው አለፈ። ላያይ ወስኖ ነበር የመጣው፤ ግን ቡፌው መንገዱ ላይ ነው። ሳጥኗ በነበረችበት ቦታ ላይ ፌስታሏ ተቀምጣለች። አፏ በክር ታስሯል፤ ሥሯ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎላታል። ጥቁር አልነበረችም፤ ነጭ ናት። እንደምንም ነጭ ፌስታል ፈልገውላት ነው።

ወደ ሥራው ዞረ። የብርሃኑን ገመድ አንዱን ጫፍ ቲቪው ላይ፣ ሌላውን ሳጥኗ ላይ ሰካ። ከሳጥኗ የወጡትን ሽቦዎች ወደ አምፕሊፋየሩ ወሰደ። ከዲሮ ቲቪውን ከፈተው። ከእነዚያ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጸጥ ካሉት ስፒከሮች የመካው ሐረም መስጊድ ኢማም ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ጥርት ያለ፣ እዝዝታ የሌለበት፣ በአንቀጽና አንቀጽ መሐል ትንፋሹ እንኳ የሚሰማ። ከመጋረጃው ወዲያ የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ። ሀጂያ ሱራውን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሙንተሲር ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ፤ ልቡ ትንሽ ቀለል አለው። አፍ አውጥቶ አይበለው እንጂ፣ ምስጋና እየጠበቀ ነበር።

ከዲሮ ድምፁን ቀነሰው።

«ፈይሩዛ» አሉ ሀጂያ ከወዲያ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበረበት፣ ክፋት የሌለበት የአሮጊት ሳቅ። «ንገሪው እስቲ። እጁ ይባረክ፣ ጆሮዬን መለሰልኝ በይው። ትንሽ ቢታገስ ግን ባዶውን ያገኘው ነበር በይው።»

ሙንተሲር ሰማ። እንደ ወጉ ግን ገና አልሰማም ነበር። ፈይሩዛ ወደ እሱ ዞረች።

«እጅህ ይባረክ ብላለች። ጆሮዋን እንደመለስክላት ንገሪው ብላለች» አለችና ቆመች። የቀረውን ብትተወው ማንም አይወቅሳትም፤ ከአፏ ካልወጣ አልተባለም። ዓይኗ ልተወው ወይ ይላል።

«ሁሉንም ንገሪኝ» አለ ሙንተሲር።

«ትንሽ ብትታገስ ባዶውን ታገኘው ነበር ብላለች።»

ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰማው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደው። አሁን መልስ ይጠበቅበታል። ለይቅርታ አዘጋጅቷቸው የመጣ ቃላት ነበሩት፤ ያማሩ፣ ምርቃት ያለባቸው። ቡፌው ላይ ያለችውን ነጭ ፌስታል አየና ሁሉም ጠፉበት።

«በያቸው» አለ፤ «እዚያ እንዳሉ አውቄ ነው ያደነቅሁት። እንዲሰሙኝ ነው ድምፄን ከፍ ያደረግሁት። እምቢ እንደማይሉኝ አውቄ።»

ፈይሩዛ አየችው። በአላህ ብሎ የማለላት እራት ላይ ነበር፤ አሁን ያንን ውሸት የሚያፈርሰውን ቃል በገዛ አፏ ለእናቷ ማድረስ የእሷ ፈንታ ሆነ። ከዲሮ መስኮት መስኮቱን ያያል። ፈይሩዛ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዞረች፤ ድምፅዋ ከወትሮው ቀጥኖ ነበር።

«እዚያ እንዳለሽ አውቆ ነው ያደነቀው። እንድትሰሚው ነው። እምቢ እንደማትዪው አውቆ ነው ይላል።»

መቁጠሪያው ቀጭ አለ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ።

«አውቃለሁ በይው» አሉ ሀጂያ። «ይቅር ብዬዋለሁ በይው።»

ሙንተሲር ራሱን ደፍቶ፣ ቃሉ እስኪደርሰው ጠበቀ። ፈይሩዛ ግን ወደ እሱ አልዞረችም። ከዲሮ ድምፁን መልሶ ከፍ አደረገው፤ ንባቡ ቀጠለ፣ ጥርት ብሎ። ሙንተሲር አማቱ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ በጆሮው የሰማውን ይቅርታ ሚስቱ እስክትነግረው ድረስ ተቀምጦ ጠበቀ።